ደጋና ቆላ፦ የመኪና ማቀዝቀዣ ጋዝ ታሪክ በዶርዜ መንገድ

ከአርባ ምንጭ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሶዶ በሚወስደው ጎዳና ጥቂት ወደ ሰሜን ከተጓዘ በኋላ ወደ ግራ ታጥፎ የጋሞን ተራራ የሚወጣ መንገደኛ፣ የአባያን ሐይቅና የሙዙን ተክል ወደ ታች እየተወ፣ ጠመዝማዛውን መንገድ እየተከተለ፣ ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሚሆን ጉዞ ውስጥ ከቆላው ዋዕይ ወደ ደጋው ቁር ይሸጋገራል። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ የተመሠረተች ስትሆን፣ ዶርዜ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በቀርከሃና በእንሰት መካከል የተቀመጠ አገር ነው፤ ከፍታው በሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከታች በላብ የራሰው ተሳፋሪ ከላይ ሲደርስ የዶርዜ ሸማኔ የሠራውን ጋቢ መደረብ ይሻል።

ፈጣሪ ለዚህ ምድር ቅዝቃዜን በከፍታ ሰጥቶታልና፣ የጋሞ ሰው ከሙቀት መሸሽ ሲፈልግ ወደ ላይ መውጣት ብቻ ይበቃው ነበር። መኪና ወደ አገሩ ከገባ፣ የግዛቱም መቀመጫ ከደጋ ወደ ቆላ ከወረደ በኋላ ግን፣ ቅዝቃዜን በመሣሪያ አምጥቶ በመኪና ውስጥ ማሳደር እየተለመደ ሄደ፤ ይህም ቅዝቃዜ የሚገኘው በቱቦ ውስጥ በሚዘዋወር፣ ዐይን በማያየው ረቂቅ ጋዝ አማካይነት ነው። የዚህ ጋዝ ታሪክ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ደጋግሞ የተገለበጠ ታሪክ ነው፤ መጀመሪያ የሰው ልጅ ወዳጅ ተብሎ የተመሰገነው ጋዝ በኋላ የሰማይ ጠላት ሆኖ ተገኘ፤ እርሱን በተካው ላይ ደግሞ ሌላ ነውር ታየ፤ የቀድሞው ጋዝ የተሞላባቸው አሮጌ መኪናዎች ግን ከመንገድ ስላልወጡ፣ ውስጣቸውን ለውጦ ለአዲሱ ጋዝ ማዘጋጀት የጋራዥ ሠራተኞች ሙያ፣ ከሙያም አልፎ የኅሊና ግዴታ ሆነ። ይህን ለውጥ ከነምክንያቱ መተረክ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው፤ ምክንያቱም አሮጌውን ዕቃ በሥርዓት የሚያድስ ሰው ለራሱ ምቾት ብቻ ሳይሆን ለማያያቸው ሰዎችና ለማይደርስበት ሰማይም እንደሚሠራ ጸሐፊው ያምናልና።

የቀደሙት ገዥዎች ቆላውን እንዴት ይሸሹት እንደ ነበር የጋሞ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በመጀመሪያ ጨንቻ ነበረች፤ ጨንቻም ከዶርዜ አልፎ በዚያው ተራራ ላይ የምትገኝ፣ ከፍታዋ እስከ 2700 ሜትር የሚደርስ፣ ጉምና ብርድ የማይለያት ከተማ ናት። መድኃኒት ባልተስፋፋበት በዚያ ዘመን ቆላ ማለት ንዳድ ማለት ነበርና፣ ሹም ሆነ ወታደር ደጋውን መምረጡ ማስተዋል እንጂ ድሎት ፈላጊነት አልነበረም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ግን መቀመጫው ወደ አርባ ምንጭ ወረደ፤ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አንጻር፣ የእግዜር ድልድይ ተብሎ የሚጠራው ከፍታ ከፊቱ ተጋርጦ በሚታይበት፣ ከሥሩም ምንጮች በሚፈልቁበት ቦታ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። እ.ኤ.አ. በ1974 የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ በ1979 ዓ.ም. ዛሬ ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተከፈተ፤ እንግዳው፣ አስተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የርዳታ ድርጅት መልእክተኛው ሁሉ ከአዲስ አበባ የሚመጣው በመኪና ነበርና፣ በስምጥ ሸለቆው ሙቀት ውስጥ ረጅም ሰዓት መጓዝ ለብዙ ሰው የዘወትር ነገር ሆነ።

መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ማቀዝቀዣ የሚባለው ነገር አልነበረውም፤ ሾፌሩ ሙቀትን የሚከላከለው መስኮቱን በመክፈት ነበር፣ አቧራውም ከነፋሱ ጋር አብሮ ይገባ ነበር። በአሜሪካ እንኳ ፓካርድ የተባለው ኩባንያ ማቀዝቀዣ በፋብሪካ የተገጠመለትን መኪና ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1939 መጨረሻ ነው፤ ያም ለባለጸጎች ብቻ የሚሆን ውድ ነገር ነበር። ወደ አገራችን ደቡብ ይህ ጥበብ በሰፊው የደረሰው በላንድ ክሩዘርና እርሱን በመሰሉ የገጠር መኪናዎች ነው፤ በተለይም ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የሠራው ባለ 60 ቁጥሩ ላንድ ክሩዘር ከርዳታ ድርጅቶችና ከአስጎብኚዎች እጅ የማይታጣ ሆነ። በእነዚህ መኪናዎች ማቀዝቀዣ ውስጥ የተሞላው ጋዝ አር-12 ይባል ነበር፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ፍሬዎን በሚለው የንግድ ስሙ ነው።

ስለዚህ ጋዝ ከመናገር አስቀድሞ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ መረዳት ይገባል። የአገራችን ሊቃውንት የስድስቱን ቀናት ሥነ ፍጥረት ሲያስተምሩ፣ እሳት፣ ነፋስ፣ ውኃና መሬት እያንዳንዳቸው ከውዕየትና ከቁረት፣ ከርጥበትና ከይብሰት የየራሳቸው ጠባይ እንዳላቸው፣ ነፋስም በባሕርዩ ረቂቅ ሆኖ ሳይታይ በሥራው እንደሚታወቅ ያብራራሉ። የመኪና ማቀዝቀዣም ሥራው በዚህ ረቂቅነት ላይ የቆመ ነው፤ ፈሳሽ ወደ ጋዝነት ሲለወጥ ከአካባቢው ሙቀትን ይስባል፤ ጋዙ ተጨምቆ ወደ ፈሳሽነት ሲመለስ የሳበውን ሙቀት ይለቃል። ኮምፕረሰሩ በሞተሩ ቺንጋ እየተሽከረከረ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀውና የጋለው ጋዝ ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለነፋሱ አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፈሳሹ ርጥበትን በሚመጥጠው ድራየር በኩል አልፎ፣ በጠባቡ ቫልቭ ውስጥ ተገፍቶ ሲወጣ ግፊቱ በድንገት ይወድቃል፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥም እየፈላ ከመኪናው አየር ሙቀቱን ይወስዳል። አር-12 የሚፈላው ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ለዚህ ሥራ እጅግ ተስማሚ ነበር።

ከእርሱ በፊት የነበሩት የማቀዝቀዣ ጋዞች ክፉዎች ነበሩ። አሞኒያ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሜቲል ክሎራይድ ቅዝቃዜን ቢሰጡም መርዝነት ነበራቸው፤ በ1920ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት ከቤት ማቀዝቀዣ ሾልከው የወጡ ጋዞች ቤተሰብ ከነእንቅልፉ የገደሉበት ጊዜ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1928 በጄኔራል ሞተርስ ሥር ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ ካርቦንን፣ ክሎሪንንና ፍሎሪንን ያዋሐደ፣ የማይመርዝ፣ የማይቃጠል፣ ብረትንም የማይበላ አዲስ ጋዝ አገኘ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ጋዙን በአፉ ስቦ በመተንፈስ የበራ ሻማ አጠፋበት፤ በዚህም ጋዙ ሰውን እንደማይመርዝ፣ እሳትንም እንደማያቀጣጥል አሳየ። በዚያ ሰዓት በአዳራሹ የነበሩት ሊቃውንት ያመሰገኑት በእውነት ነው፤ ጋዙ ብዙ ነፍስ አድኗልና። ነገር ግን ያመሰገኑት ባሕርይ፣ ማለትም ከምንም ጋር የማይዋሐድና የማይፈርስ መሆኑ፣ በኋላ የጥፋቱ ምክንያት ሆነ።

ከመኪና ቱቦ የሾለከው አር-12 በምድር ላይ የሚያፈርሰው ስለሌለ መቶ ዓመት ያህል በአየር ውስጥ ይቆያል፤ ቀስ በቀስም ወደ ላይኛው የሰማይ ክፍል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮላንድ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፣ ይህ ጋዝ በከፍታው በጽኑ ጨረር ሲመታ ክሎሪኑን እንደሚለቅ፣ አንዲት የክሎሪን ቅንጣትም እጅግ ብዙ የኦዞን ሞለኪውሎችን ሳትጠፋ ደጋግማ እንደምታፈርስ አስረዱ። ኦዞን በላያችን እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ የፀሐይን አልትራ ቫዮሌት ጨረር የሚያስቀር ሽፋን ነው፤ እርሱ ሲሳሳ የዐይን ሞራና የቆዳ ነቀርሳ ይበዛል፣ አዝመራም ይጎዳል። አምራቾቹ ለዐሥር ዓመት ያህል ሲከራከሩ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ኦዞኑ በየጸደዩ ክፉኛ እንደሚመናመን ባሳዩ ጊዜ ክርክሩ ወደ ማብቂያው ተቃረበ፤ ሞሊናና ሮላንድም እ.ኤ.አ. በ1995 ከፖል ክሩትዘን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ይህ ነገር ለዶርዜ ሰው የሩቅ ወሬ መስሎ ሊታይ አይገባም። ጨረሩ በምድር ወገብ አካባቢ ብርቱ ነው፤ ከፍታው በሺህ ሜትር ሲጨምርም ከመቶ ዐሥር ያህል ይበረታል፤ ስለዚህ በተራራው ላይ ገብሱን የሚያጭድ፣ እንሰቱን የሚፍቅ፣ በዶርዜ ሃይዞ ገበያ ቀኑን ሙሉ ጋቢና ዱንጉዛ የተባለውን ሽመና ዘርግቶ የሚቀመጥ ሰው በሰማዩ መጋረጃ ከሌላው ይልቅ ከሚጠቀሙት የምድር ነዋሪዎች አንዱ ነው። ጋዙን ሠርቶ በብዛት የተጠቀመበት ግን እርሱ አልነበረም፤ ጉዳቱ ለሁሉም የሚደርስ ሆኖ ምክንያቱ የጥቂቶች በመሆኑ፣ የዓለም መንግሥታት የተስማሙበት ሕግ ይህን ልዩነት ከግምት ማስገባት ነበረበት።

ያ ሕግ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ነው፤ የተፈረመውም መስከረም 5 ቀን 1980 ዓ.ም. ነበር። ሀብታሞቹ አገሮች አር-12ንና ወንድሞቹን መሥራት እ.ኤ.አ. በ1996 መባቻ እንዲያቆሙ ሲደነገግ፣ እንደ ኢትዮጵያ ላሉት በማደግ ላይ ያሉ አገሮች እስከ ታኅሣሥ 23 ቀን 2002 ዓ.ም. ድረስ ጊዜ ተሰጣቸው፤ ለሽግግሩም የሚረዳ የገንዘብ ድጋፍ ተቋቋመ። ኢትዮጵያ ጥቅምት 1 ቀን 1987 ዓ.ም. የቪየናን ስምምነትና የሞንትሪያልን ፕሮቶኮል ተቀበለች፤ በኋላም የኦዞንን ሽፋን ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 716/2003 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም መንግሥታት ሁሉ ፕሮቶኮሉን የተቀበሉ ሆኑ፤ ሕዝቦች በአንድ ቃል የተስማሙበት እንዲህ ያለ ውል በታሪክ ብርቅ ነው። የዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ግምገማ፣ ሥርዓቱ ከተጠበቀ ኦዞኑ በአብዛኛው የምድር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2040 አካባቢ ወደ 1980ው መጠኑ እንደሚመለስ ገልጸዋል።

ሕጉ ፋብሪካዎቹን ቢያዝም በመንገድ ላይ ያሉትን መኪናዎች ሊያስቀር አልቻለም። የመኪና ሠሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1994 ባሉት ዓመታት ክሎሪን ወደሌለበት አር-134ኤ ወደሚባለው ጋዝ ዞሩ፤ ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ገና ወጣት ነበር። በአገራችን መኪና በውድ ዋጋ ተገዝቶ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ጥሪት ነው፤ የመለዋወጫው ዕቃ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ እየተፈለገ፣ የጎደለው እየተቀጠለ፣ ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ወደ ብረት መጣያ የሚጣለው ተሽከርካሪ ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ አር-12 ከገበያ እየጠፋ፣ የተገኘውም እየተወደደ ሲሄድ፣ የባለ 60 ቁጥሩ ላንድ ክሩዘር ባለቤት ወይ በመስኮት ነፋስ እየረካ መኖር፣ ወይም መኪናውን ለአዲሱ ጋዝ ማስለወጥ ግድ ሆነበት።

ብዙ ሰው ለውጡ አሮጌውን ጋዝ አውጥቶ አዲሱን ከመሙላት የማያልፍ ይመስለዋል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ኮምፕረሰር ያለጊዜው ሞቷል። ሁለቱ ጋዞች የሚፈሉበት የሙቀት መጠን ቢቀራረብም ጠባያቸው ልዩ ልዩ ነው። የአር-12 ኮምፕረሰር የሚለሰልሰው በማዕድን ዘይት ሲሆን፣ አር-134ኤ ከዚህ ዘይት ጋር አይዋሐድም፤ ዘይቱ በኢቫፖሬተሩ ሥር ተቀምጦ ሲቀር ኮምፕረሰሩ ሳይለሰልስ እየተፋተገ ይነክሳል። ስለዚህ ባለሙያው ኮምፕረሰሩን ፈትቶ አሮጌውን ዘይት ማንጠፍጠፍ፣ ቱቦዎቹን ማጠብ፣ በምትኩም ፓግ ወይም ኤስተር የሚባለውን ዘይት መሙላት አለበት፤ ኤስተሩ ከተረፈው የማዕድን ዘይት ጋር መስማማት ስለሚችል ለተለወጠ አሮጌ መኪና ይመረጣል። የጎማ ቀለበቶቹ፣ ጋራዥ ውስጥ ኦሪንግ የሚባሉት፣ ለአዲሱ ጋዝና ዘይት በሚስማሙ ሊተኩ ይገባል፤ ድራየሩም በውስጡ ያለው ርጥበት መጣጭ ከአዲሱ ጋዝ ጋር የሚስማማ ዓይነት እንዲሆን መለወጥ አለበት፤ ርጥበት ከቀረ ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይሆንና ብረቱን ከውስጥ ይበላዋልና።

ቀጥሎ የሚመጣው ጋዙ ከመሞላቱ በፊት አየሩንና ርጥበቱን በቫኪዩም ፓምፕ መጥጦ ማውጣት ነው፤ የጋሞ ከፍታ ልዩነትም በዚህ ሥራ ላይ በግልጽ ይታያል። መለኪያው የሚያሳየው በውስጥና በውጭ አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ፍጹም ባዶ የሆነ ቱቦ 30 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ ሲያሳይ፣ በአርባ ምንጭ 25 ተኩል ያህል፣ በዶርዜ ደግሞ 22 ያህል ብቻ ያሳያል፤ ምክንያቱም በተራራው ላይ የሚጫነው አየር ራሱ የሳሳ ነው። በባሕር ዳርቻ አገሮች የተጻፈን መመሪያ ብቻ አንብቦ በደጋ የሚሠራ ሰው መለኪያው 30 አልደርስ ሲለው ቱቦው የሚያፈስ መስሎት ደኅናውን ዕቃ ሲፈታ ይውላል፤ የአገሩን አየር የሚያውቅ ባለሙያ ግን ፓምፑ ከቆመ በኋላ መለኪያው ባለበት ጸንቶ መቆየቱን ይመለከታል እንጂ በቁጥሩ ማነስ አይደናገጥም።

መጠኑም የራሱ ሥርዓት አለው። አዲሱ ጋዝ የሚሞላው በሚዛን ሲሆን፣ ከቀድሞው ጋዝ ክብደት ከመቶ ከ80 እስከ 90 ያህል ይበቃል፤ አንድ ኪሎ አር-12 ይይዝ የነበረ መኪና ከ800 እስከ 900 ግራም አር-134ኤ ይጠይቃል ማለት ነው። ከዚህ ቢበልጥ ግፊቱ ይጨምራል፤ ምክንያቱም ኮንደንሰሩ ወደ 60 ዲግሪ በጋለ ጊዜ አዲሱ ጋዝ ከአሮጌው ከመቶ ዐሥር ያህል የሚበልጥ ግፊት ያነሣል። ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ በዝግታ የሚወጣ፣ ሞተሩ የጋለ፣ ነፋስም በበቂ የማያገኝ አሮጌ መኪና ይህን ችግር ከሁሉ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ኮንደንሰሩን ከአቧራ አጽድቶ፣ ቬንትሌተሩን አጠንክሮ፣ ግፊት ሲበዛ ኮምፕረሰሩን የሚያቆም ማብሪያ ማጥፊያ ገጥሞ መላክ የሙያው ክብር ነው። የደጋው ሾፌር ደግሞ ብርድ ነው ብሎ ማቀዝቀዣውን ወራት ሙሉ ሳያበራ ቢተወው፣ በኮምፕረሰሩ ዘንግ ላይ ያለው ማኅተም ዘይት ሳያገኝ ደርቆ ጋዙን ያፈሳል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ማብራት ግን ይህን ያስቀራል።

በመጨረሻ የመሙያው አፍ ይለወጣል፤ የአር-12ቱ በጥርስ የሚታሰር ሲሆን የአር-134ኤው በመግፋት የሚገጥም፣ ለከፍተኛውና ለዝቅተኛው ግፊትም የተለያየ ስፋት ያለው ነው፤ ይህም የተደረገው ሁለቱ ጋዞች በስሕተት እንዳይቀላቀሉ ነው። በሞተሩ ክዳን ሥርም የተሞላው ጋዝና ዘይት ዓይነት፣ መጠኑና ቀኑ የተጻፈበት ምልክት ይለጠፋል፤ ያ ጽሑፍ ሌላ ቀን ሌላ ባለሙያ ሲከፍተው የቀደመው ምን እንዳደረገ የሚያስታውቅ ነው። የሥራው መጀመሪያ የሆነው ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ ይገባል፤ እርሱም አሮጌውን ጋዝ ወደ ሰማይ ለቆ አለመስደድ፣ በመሣሪያ ስቦ በዕቃ ውስጥ መሰብሰብ ነው። ቫልቩን በመክፈት ጋዙን ፉጨት እያሰማ ወደ አየር የሚለቅ ሰው ጥቂት ደቂቃ አተረፈ፤ የለቀቀው ጋዝ ግን እርሱ ከሞተ በኋላም በሰማይ ላይ ሥራውን ይሠራል።

ይህን የማደስ ጥበብ ዶርዜዎች ከማንም ሳይማሩ በቤት አሠራራቸው ያውቁታል። በቀርከሃ ተጠልፎ፣ በእንሰት ቅጠል ተከድኖ፣ ከፊቱ እንደ ዝሆን ግንባር ወጣ ብሎ የሚሠራው የዶርዜ ቤት አዲስ በሆነ ጊዜ እስከ 12 ሜትር ይረዝማል፤ በዓመታት ውስጥ ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፤ ባለቤቱ ግን ቤቱን አፍርሶ አይጥለውም፤ የተበላውን ሥር አስቆርጦ፣ ጎረቤቱን ጠርቶ፣ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል፤ ጥልፉ ዐሥርት ዓመታትን ተሻግሮ ይኖራል። አሮጌ መኪናንም ለአዲስ ጋዝ የሚያዘጋጅ ባለሙያ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ የሚበሰብሰውን ይለያል፣ ያንን ብቻ ይለውጣል፣ የጸናውን ይጠብቃል።

አቋራጩን የሚመርጡም አልጠፉም። አንዳንዱ በማዕድን ዘይቱ ላይ አዲሱን ጋዝ ይደርባል፤ አንዳንዱ ሁለቱን ጋዞች ይቀላቅላል፤ አንዳንዱም ርካሽ ነው ብሎ ለምግብ ማብሰያ የሚያገለግለውን ጋዝ ይሞላል፤ ይህ ጋዝ ቢያቀዘቅዝም ተቀጣጣይ ነውና፣ ኢቫፖሬተሩ በተሳፋሪው ፊት ባለበት መኪና ውስጥ ቢያፈስ ቤተሰብ የሚፈጅ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ከዚህ የከፋም ተገኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 አር-134ኤ ነው ተብሎ በተሸጠ፣ ነገር ግን ሜቲል ክሎራይድ በተቀላቀለበት አስመሳይ ጋዝ የተሞሉ የመርከብ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች፣ ጋዙ ከአሉሚኒየም ጋር ተዋሕዶ ስለፈነዱ በቬትናምና በብራዚል ሰዎች ሞተዋል። ከመቶ ዓመት በፊት ሰውን ይገድል የነበረው ጋዝ በሐሰተኛ ስም ተመልሶ መምጣቱ፣ ከታመነ ሻጭ መግዛትና በሲሊንደሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ መመርመር ነፍስ ማዳን መሆኑን ያሳያል።

አር-134ኤም ቢሆን ፍጹም አልነበረም። ኦዞንን አይነካም፤ ነገር ግን ሙቀትን በምድር ላይ የማፈን ኃይሉ በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1400 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ይህም ከአር-12 ከሰባት እጥፍ በላይ ያነሰ ቢሆንም ቀላል የሚባል አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በአዲስ መኪና ላይ እንዳይሞላ ከለከለው፤ በምትኩም አር-1234ዋይኤፍ የተባለው ጋዝ ገባ፤ እርሱም የማፈን ኃይሉ እጅግ አነስተኛ ሲሆን በመጠኑ ተቀጣጣይ ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. በሩዋንዳ ኪጋሊ የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው የሞንትሪያልን ፕሮቶኮል በማሻሻል አር-134ኤና እርሱን የመሰሉ ጋዞች ደረጃ በደረጃ እንዲቀንሱ ወሰኑ፤ ኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. ማሻሻያውን አጸደቀች። ለአፍሪካ አገሮች ፍጆታውን ባለበት የማቆሙ ዓመት እ.ኤ.አ. 2024 ሲሆን፣ በ2045 ከመቶ 80 እንዲቀንስ ተደንግጓል።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ጋዝን ሁሉ መፍራት አይደለም። በየዘመኑ የተገኘው ጋዝ ከቀደመው የተሻለ ነበር፤ በየዘመኑም ያልታወቀ ጉዳት ነበረው፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ጥፋቱ የደረሰው ጋዙ በቱቦ ውስጥ ሳለ ሳይሆን በሰው ቸልተኝነት ወደ ሰማይ ሲለቀቅ ነው። ሊቃውንቱ ነገ ሌላ ነውር ቢያገኙበት እንኳ፣ ዛሬ ጋዙን ሳያፈስ የያዘ፣ ሲያረጅም የሰበሰበ ባለሙያ ከጥፋቱ ንጹሕ ይሆናል።

ይህም ትምህርት ባለፈው ብቻ የተዘጋ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲያግድ፣ ብዙ ሰው የጋራዡ ሙያ የሚያበቃ መሰለው፤ ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪናም ሰውን ለማቀዝቀዝ፣ በብዙዎቹ ዘንድ ባትሪውንም ጭምር ለማቀዝቀዝ ይህንኑ ረቂቅ ጋዝ ይሻል። ኮምፕረሰሩ በቺንጋ ሳይሆን በከፍተኛ ኤሌክትሪክ ስለሚሠራ፣ በአብዛኛው የሚሞላለት ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የኤስተር ዓይነት ዘይት ነው፤ ለአሮጌው መኪና የሚሆነውን ፓግ በልማድ የሞላበት ሰው የኤሌክትሪክ መከላከያውን ሊያበላሽና አደጋ ሊያመጣ ይችላል። የአርባ ምንጭና የሌሎች ከተሞች የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ጋዝ የመሰብሰብን፣ ዘይትን የመለየትን፣ ቫኪዩምን በአገሩ ከፍታ የመመዘንን ዕውቀት ለወጣቶቻችን ሊያስተምሩ፣ የከተማ አስተዳደሮችም አሮጌው ጋዝ የሚሰበሰብበትን ዕቃ ሊያቀርቡ፣ የመኪና ባለቤቶችም ጋዝ ሞልቶ ከመሸኘት ይልቅ በሥርዓት ለሚሠራው ባለሙያ ተገቢውን ዋጋ ሊከፍሉ ይገባል። አዋጁ ወጥቷል፣ ውሉም ተፈርሟል፤ የሚቀረው በእያንዳንዱ ጋራዥ ውስጥ፣ ማንም በማያይበት ሰዓት፣ ቫልቩን ከመክፈቱ በፊት መሰብሰቢያውን የሚያያይዝ ሰው ማብዛት ነው፤ ከአር-12 ወደ አር-134ኤ ያለፍንበት ዘመን ይህን አንድ ልማድ አስተምሮን ከሆነ፣ ለሚመጣው ለውጥ ሁሉ ዝግጁዎች ነን።